ጣፋጭ ነው ደረቅ?

ለቡ መብራት ኃይል ላይ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የወይን ጠጅ አዋቂ በዝቷል። ድሮ ሰፈሩ የሚያውቃቸው ሊቃውንት የቤት ደላላና የኳስ ተንታኝ ነበሩ። አሁን ግን አመሻሽ ላይ ከሥጋ ቤቶቹ ወደ አንዱ ጎራ ብሎ ጆሮውን የጣለ ሰው ስለ ሜርሎና ስለ ካበርኔ ሶቪኞ ማብራሪያ ሳይሰማ አይወጣም። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ካስወጣው ወዲህ ሥራውን እነዚህ ሰዎች ያለ ደመወዝ የተረከቡት ይመስላል።

አዋቂውን መለየት ቀላል ነው። ብርጭቆውን የሚይዘው ከእግሩ ነው፤ ሆዱን የያዘ ሰው ካየ ፊቱን ያጨማድዳል። ያሽከረክራል፣ አፍንጫውን ይከታል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ «የኦክ ሽታ አለው» ብሎ ይፈርዳል። ኦክ የሚባለውን ዛፍ በጠረጴዛው ዙሪያ ካሉት መሃል ያየው የለም፤ ግን ሁሉም ይነቀንቃል። አንዱ ደፍሮ «ከግራር ጋር ይመሳሰላል?» ቢል «አንተ ቢራህን ጠጣ» ተብሎ አርፎ ተቀመጠ።

አንድ ምሽት ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ እንዲህ ያለ አዋቂ ተሰይሟል። ከፊቱ ቁርጥ፣ አዋዜ፣ ሚጥሚጣ፣ ከዚያ መሃል ደግሞ ቀይ ወይን። አስተናጋጇ ጠርሙሱን ስትከፍት በእጁ ነካ አደረገና «አልቀዘቀዘም» ብሎ መለሳት። እሷም ወስዳ ከቢራዎቹ ጋር ማቀዝቀዣ ውስጥ ዶለችው። የሙያው ሰዎች ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ባለ ሙቀት ይጠጣ ይላሉ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ለተቀመጠ ሰፈር፣ ያውም በሐምሌ፣ ይሄን ሙቀት ክፍሉ ራሱ በነጻ ይሰጣል። ፈረንሳዮች ምድር ቤት ቆፍረው የሚያገኙትን ቅዝቃዜ እኛ ጋቢ ደርበን ተቀምጠንበታል። ለማንኛውም ጠርሙሱ በረዶ መስሎ ተመለሰ፤ አዋቂው አሽከረከረ፣ አሸተተ፣ «አሪፍ ነው» አለ፤ ቀጥሎም «እህቴ፣ አንድ ኮካ ጨምሪልኝ።»

ኮካው መጣ፣ ግማሽ በግማሽ ተቀላቀለ፣ ተጠጣ።

መሳቅ ያምራል፤ እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ከኮካው ጎን እቆማለሁ። ሰውየው ያን ምሽት ካደረገው ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነው። የቀይ ወይን ምላስ የሚያደርቀው፣ ድድ የሚጨብጠው ነገር ታኒን ይባላል፤ ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ የሚወጣ ነው። ታኒንና አልኮል ከሚጥሚጣ ጋር ሲገናኙ ቃጠሎው ይብሳል፤ ስኳር ግን ያበርደዋል። ፈረንጆቹም የታይላንድና የሕንድ ቅመም ሲቀርብላቸው ጣፈጥ ያለ የጀርመን ሪዝሊንግ የሚያዝዙት በዚሁ ምክንያት ነው። ስፔን ውስጥ ያሉት ባስኮች ደግሞ ቀይ ወይንን ከኮካ ጋር ቀላቅለው ካሊሞቾ ብለው ስም አውጥተውለት በየበዓላቸው በአደባባይ ይጠጡታል። የጉደር ወይንና የኮካ ጋብቻ እኛ ዘንድ ዕድሜ ያለው ነው፤ ስም ያላወጣንለት ስለምናፍርበት ይመስለኛል። ያ ሰውዬ ምላሱ ያዘዘውን ጠጣ፤ የቀረው፣ ማሽከርከሩም ማሽተቱም፣ ለጎረቤት ጠረጴዛ ነበር።

ሌላው የአዋቂነት ምልክት «ደረቅ» ማለት ነው። ሰፈራችን ውስጥ ወይን የሚታዘዘው በሁለት ጎራ ነው፣ ጣፋጭ ወይም ደረቅ። ጣፋጩ «የሴት ነው» ይባላል። ይሄን የሚሉት ወንዶች ደረቁን በጠጡ ቁጥር ሎሚ እንደ ላሰ ሕፃን ፊታቸው ይሰበሰባል፤ ግን ወንድነት ዋጋ ያስከፍላል። ከዓለም ውድ ወይኖች አንዱ የቦርዶው ሻቶ ዲኬም ጣፋጭ መሆኑን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1811 ምርት የሆነ አንድ ጠርሙሱም በ2011 በ75 ሺህ ፓውንድ መሸጡን ብትነግሯቸው መልሳቸው ዝግጁ ነው፤ «ገዢው ለሚስቱ ይሆናል።»

የወይኑ ዝርያ ነገር ሲነሳ ግን ጨዋታው ይደምቃል። አንድ የማውቀው ሰው አለ፣ «እኔ ሜርሎ አልወድም፣ ቦርዶ ነው የምጠጣው» ይላል። ቦርዶ አገር ነው፤ እዚያ ከሁሉ በላይ የተተከለው ቀይ የወይን ዝርያ ደግሞ ራሱ ሜርሎ ነው። ፈረንሳዮች በአብዛኛው ጠርሙሱ ላይ የሚጽፉት የቦታውን ስም ነው፤ ቦርዶ ውስጥ ከወንዙ ግራ ከሆነ ካበርኔ ሶቪኞ ይበዛበታል፣ ከቀኝ ከሆነ ሜርሎ፣ ብዙ ጊዜም ይደባለቃሉ። የአገሩ ሰው የቦታውን ስም አይቶ ፍሬውን ያውቃል። የእኛው ሰው ቦታውን አይቶ ዋጋውን ያውቃል። ሜርሎን ለዓመታት በስሙ እየረገመ፣ በቦርዶ ስም ሲጠጣው ኖሯል።

ሌላው ደግሞ በተቃራኒው «ሜርሎ ካልሆነ አልቀምስም» የሚል ነው። ከሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ሪፍት ቫሊ ሜርሎ አንስቼ ባሳየው «አይ፣ ይሄ የሐበሻ ነው፤ ራስ ያሳምማል» አለ። የዝዋዩ ሜርሎ ግን ዘሩ ፈረንሳይ ነው። የካስቴል ኩባንያ በ2000 ዓ.ም ገደማ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዝዋይ፣ የአሁኗ ባቱ፣ አጠገብ የተከለው ከቦርዶ የመጣ ችግኝ ነው፤ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞና ነጩ ሻርዶኔ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በ2006 ዓ.ም ገበያ ወጡ፤ ዝርያው ስሙ ላይ የተጻፈበት ሪፍት ቫሊና ለዘብ ያለው አካሺያ። እንግዲህ ችግኙ እንኳ ፈረንጅ ነበር። ዝዋይ ላይ ውሃ ጠጣና ሐበሻ ሆነ፤ ሐበሻ ሲሆን ደግሞ ራስ ያሳምም ጀመር።

ይልቅ ቢታወቅ የሚያስገርመው የዝዋዩ ወይን እንዴት እንደሚያድግ ነው። ወይን በተፈጥሮው ክረምት የሚተኛ ተክል ነው፤ ዓለም ላይ በብዛት የሚተከለውም ከምድር ወገብ ራቅ ብሎ፣ ብርድ አስተኝቶ ፀደይ በሚቀሰቅስበት አገር ነው። ዝዋይ ያ ዓይነት ክረምት የለም። ስለዚህ ብርዱ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ መቀስ ይሠራዋል። ሠራተኛው ገርዞ ያስተኛዋል፣ ገርዞ ይቀሰቅሰዋል፣ የለቀማው ወርም በሰው ፈቃድ ይወሰናል። ሙቀቱን የሚያበርድለት ከ1,600 ሜትር በላይ የሆነው ከፍታ ነው። እርሻው ዙሪያ ደግሞ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆፍሯል። ለመስኖ አይደለም፤ ጉማሬ እንዳይገባ ነው፤ ጅብና ዘንዶም ይከለክላል። ቦርዶ ያሉት ገበሬዎች ስለ በረዶና ስለ ሻጋታ ሲጨነቁ የእኛው ስለ ጉማሬ ይጨነቃል። እኔ ብሆን ሻጩ ይሄን ጠርሙሱ ላይ ይጻፈው ነበር የምለው። የኦክ ሽታ ፍለጋ ዓይኑን የሚጨፍነው ወዳጃችን ቢያንስ አንድ እውነተኛ ነገር ያወራ ነበር።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። ከለቡ ብዙም ሳንርቅ፣ መካኒሳ ላይ፣ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ አለ፤ ሌላው ቅርንጫፉ ልደታ ነው። ሥራ የጀመረው በ1930ዎቹ ነው። የአገሩ ሰው ከወይን ጋር የተዋወቀው በዚህ ፋብሪካ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጉደር፣ አክሱማይት፣ ከሚላ፣ አዋሽ ክሪስታል። ጉደር ከአምቦ ወዲያ ያለችው ከተማ ናት። ፍሬ የሚለቀምበት እርሻ አርሲ መርቲ ውስጥ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር ነው፤ ለአብዛኞቻችን ግን መርቲ ማለት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው። በ2005 ዓ.ም ፋብሪካው ወደ ግል ሲዛወር ከገዢዎቹ አንዱ ኤይት ማይልስ የተባለ የኢንቨስትመንት ፈንድ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ቦብ ጌልዶፍ። በ1977ቱ ረሃብ ለኢትዮጵያ እህል ለመግዣ ዘፋኝ ሰብስቦ ያዘፈነው ሰው ተመልሶ የጉደር ባለድርሻ ሆነ። ይሄን ሁሉ ታሪክ በየዕለቱ በታክሲ የሚያልፈው የለቡ ነዋሪ እንግዳ ሲመጣበት ሱፐርማርኬት ገብቶ «የውጭ የለም?» ይላል።

የሐኪሞቹን ጎራም እናንሳ። ሰፈራችን ውስጥ ቀይ ወይን መጠጥ ብቻ አይደለም፤ ደም ነው። ደም ያነሳት ሴት፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት የወጣ አጎት፣ ክብደት የቀነሰ ተማሪ፣ ሁሉም ቀይ ሥር ከቀይ ወይን ጋር ይታዘዝላቸዋል። ምክንያቱን ስትጠይቁ «ቀይ ነዋ!» ነው። ነጩ ወይን ምን እንደሚጨምር ጠይቄ መልስ አላገኘሁም፤ ወተት ይሆናል። ሌላው ጎራ «ለልብ ጥሩ ነው» የሚለው ነው፤ ይሄኛው እንኳ ምንጭ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 አንድ ዝነኛ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ፈረንሳዮች ቅቤና አይብ እየበሉ ልባቸው የማይታመመው በቀይ ወይን ይሆናል የሚል ወሬ አሰማ፤ የአሜሪካ የቀይ ወይን ገበያም ደራ። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ጤናን የማይነካ የአልኮል መጠን የለም ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። ያኛው ወሬ ለቡ ደርሷል፤ ይሄኛው ገና መንገድ ላይ ነው።

በጾምም የራሱ ትዕይንት አለው። ኬክ ሲቀርብለት «እንቁላል አለው?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ማኪያቶውን በአጃ ወተት የሚያዝዝ ጿሚ፣ ወይኑ ጋ ሲደርስ «ይሄማ ፍሬ ነው» ይላል። አባቶች መጠጡንም ተዉ ማለታቸውን እንተወው፤ እሱን የሚሰማ ቢኖር የጾም ምሽት እንዲህ ባልደመቀ። ግን ከቦርዶ የመጣ ጠርሙስ ላይ እንደዚያ መተማመን ያስቸግራል። ቦርዶዎች ቀይ ወይን ሲያጠሩ በርሜሉ ውስጥ የእንቁላል ነጭ መጨመር የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ለአንድ በርሜል አምስት ስድስት እንቁላል። ነጩ የታኒኑን ሻካራ ክፍል ይዞት ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ወይኑ ከላይ ይቀዳል። ይሄን ለአንድ ጿሚ ወዳጄ ብነግረው ጥቂት አሰበና «እንቁላሉ እኮ ዘቅጧል» አለኝ። ቤተ ክርስቲያኑ በበኩሉ ለቁርባን የሚቀርበውን ዲያቆኑ ቤተልሔም ውስጥ ከዘቢብ ያዘጋጀዋል፤ ስለ ኦክ የተወራበት ጊዜ የለም።

ግን ከዚህ ሁሉ ወይን የሚጠጣው ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ይዞራል። ለቤት ምረቃ ይሄዳል፣ ለክርስትና ይሄዳል፣ ለምርቃት ይሄዳል፣ ሽማግሌ ሲላክ ከውስኪው ጎን ቆሞ ይሄዳል። የተቀበለው ሰው ቡፌ ላይ ያቆመዋል፤ ቀጣዩ ጥሪ ሲመጣ አቧራውን ጠርጎ ይዞት ይወጣል። አንድ ቤተሰብ የልጃቸው ልደት ላይ ከተሰጣቸው ወርቃማ ከረጢት ውስጥ «ጋብቻችሁ የአብርሃምና የሣራ ይሁን» የሚል ካርድ አግኝተዋል። ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው። ጠርሙሱ እንደዚያ ሲዞር የሚከርመው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ከሰዓት ፀሐይ እየመታው ነው። ቡሽ ያለው ወይን የሚጋደመው ቡሹ እንዳይደርቅና አየር እንዳያስገባ ነበር። «ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል» የሚለውን ሁሉም ያውቃል፤ ከዓለም ወይን አብዛኛው በተሠራ በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ መሆኑን ግን ቡፌው አልሰማም። በመጨረሻ አንዱ የዋህ ሲከፍተው ኮምጣጤ ይሆናል፤ ያኔም «ደረቅ ነው» ተብሎ ይጠጣል። ባዶው ጠርሙስ የተሻለ ዕድል አለው፤ ታጥቦ ዘይት፣ ጠበል ወይም የእናት አረቄ ይገባበታል።

በዚህ ሁሉ መሃል ነገሩ የገባት አንዲት ሰው ብቻ አይቻለሁ፤ ከመንገዱ ዳር ግሮሰሪ የምትሸጥ ወጣት ናት። ደንበኛ ገብቶ ወይን ሲል ስለ ዝርያ አትጠይቅም፣ ስለ አገሩ አትጠይቅም፣ ጣፋጭ ነው ደረቅ እንኳ አትልም። ቀና ብላ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ለስጦታ ነው ለመጠጣት?» ለስጦታ ከሆነ ከባዱን ጠርሙስ፣ ረጅም አንገትና ወርቃማ ጽሑፍ ያለውን ታወርዳለች። ለመጠጣት ከሆነ አክሱማይት ትሰጥና ኮካውን ሳትጠየቅ ትጨምራለች።

ታዲያ እዚሁ ሰፈር አንድ የቤት ምረቃ ላይ፣ ባልተለመደ ሁኔታ፣ ጠርሙስ ሊከፈት ተወሰነ። የቡሽ መንቀያ ቤቱ ውስጥ የለም። ቢላዋ ተሞከረ፣ ቡሹ ፈራረሰ። የባለቤቱ ወንድም ካቻቢቴ አምጥቶ ወደ ውስጥ ገፋው፤ ወይኑ ተፈናጥሮ የአዲሱን ግድግዳ ቀለም አዥጎረጎረ፣ የመጋረጃውን ነገር ባናነሳው ይሻላል። የቀረው በሻይ ማጥለያ ተጠልሎ ጆግ ውስጥ ገባ፤ ጠርሙሱም ወደ ማዕድ ቤት ተባረረ። ስለዚህ የቀመሰው ሁሉ ምን እንደ ሆነ ሳያይ ቀመሰ። በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፍሬደሪክ ብሮሼ የተባለ ተመራማሪ ቦርዶ ውስጥ 54 የወይን ትምህርት ተማሪዎችን ነጭ ወይን በቀለም አቅልቶ አቅርቦላቸው ነበር፤ የቀይ ወይን ሽታ ነው ብለው በቀይ ወይን ቃላት ተነተኑት። እዚያ ቀለሙ ያሳሳተው የተማረውን ነው። እዚህ ግን ከተሰበሰበው አዋቂ አንዱ አሽከርክሮ፣ አሽትቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ይሄ ፈረንሳይ ነው፤ አፈሩ ይናገራል» አለ።

ከጎኑ የባለቤቱ አባት ተቀምጠዋል፤ ከጎጃም ለምረቃው የመጡ፣ ጠጅ ሲያስጥሉ የኖሩ ሰው። ጠጅ ቤት ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ብሎ ሲለይ፣ ማሩ የየትኛው አበባ እንደ ሆነ በአፍንጫ ሲያውቅ የኖረበት አገር ሰው ናቸው። ብርጭቆውን በሆዱ ጨብጠው አንድ ጎንጨት አሉ።

«ጌሾው በዝቷል።»

«አባባ፣ ወይን እኮ ጌሾ የለውም» አለ አዋቂው። «ታኒን ነው፤ ከልጣጩ የሚመጣ።»

«እንግዲያ ልጣጩ በዝቷል። ማሩም አንሷል።» ደግመው ቀመሱ። «ግን የጸዳ ነው፤ አላስቸኮሉትም። የየት ነው አልከኝ?»

«የፈረንሳይ፣ አባባ።»

ባለቤቱ ከማዕድ ቤት ጠርሙሱን ይዞ ወጣ። «ዝዋይ ነው ጋሼ፣ ሲራ ይላል። እኔም ሰው ሰጥቶኝ ነው።»

አዋቂው ጠርሙሱን ተቀብሎ ገልብጦ አየው፣ የኋላውንም ጽሑፍ አነበበ፣ ከዚያም ራሱን እንደሚያመው ተናገረ። አባት ግን ብርጭቋቸውን ወደ ጆጉ እያስጠጉ ነበር።

«ዝዋይ? እኔ እኮ ዓሣ ብቻ ያለ ነበር የመሰለኝ።»